ሹም ለተናገረው በሕግ ይጠየቃል? ከየካ ተራራ የሚነሣ ጥያቄ

በአዲስ አበባ ሰሜን ምሥራቅ፣ ከእንጦጦ ጀምሮ ወደ የካና ኮተቤ በሚዘልቀው ተራራ ላይ ባለፉት ዓመታት ሁለት ትላልቅ ግንባታዎች ታይተዋል። አንዱ መስከረም 30 ቀን 2013 ዓ.ም. የተመረቀው የእንጦጦ ፓርክ ነው። ሁለተኛው በየካ ተራራ ላይ የሚሠራውና ሕዝቡ «ጫካ ፕሮጀክት» እያለ የሚጠራው አዲስ ቤተ መንግሥትና በዙሪያው የሚቆረቆረው ከተማ ነው። ከ500 ሄክታር በላይ መሬት እንደሚሸፍን ተዘግቧል።

በ2015 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ስብሰባ ላይ ይህ ግንባታ ተነሥቶ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ (ዶ/ር) መልስ ሰጥተውበት ነበር። በወቅቱ እንደተዘገበው የመልሱ ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ ገንዘቡ ከግል ለጋሾች የተገኘ እንጂ ምክር ቤቱ ያጸደቀው በጀት አይደለም፤ ስለዚህ ምክር ቤቱን የሚያስጠይቅ ጉዳይ የለም።

እኛ ይህ መልስ ሐሰት ነው አላልንም፤ ለማለትም ማስረጃ የለንም። ችግሩም እዚሁ ላይ ነው። እውነት ነው ለማለትም ማስረጃ የለንም። ለጋሾቹ እነማን ናቸው? ምን ያህል ሰጡ? በምላሹ ምን አገኙ? ለሕዝብ ቀርቦ ያየነው የተመረመረ ሂሳብ የለም። አድማጩ ያለው ምርጫ ማመን ወይም አለማመን ብቻ ነው። ማጣራት የሚባለው ሦስተኛው መንገድ ተዘግቷል።

በአገራችን ስለ ፖለቲካ ውሸት ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሣው «የሚዋሽ ባለሥልጣን ለምን አይታሰርም?» የሚለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ከእሱ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ፤ ባለሥልጣኑ የተናገረውን በሰነድ እንዲያስረዳ የሚያስገድደው ማን ነው? በዚህ ጽሑፍ የምናየው ይህንን ነው።

«ይህ የእናንተ ነው፤ ይህ ደግሞ ለእኔ የተሰጠኝ ነው»

ነገሩ ለእስልምና ተማሪ አዲስ አይደለም። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ፣ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ከአዝድ ጎሳ የሆነ ኢብኑል ሉትቢያ የሚባል ሰው የበኒ ሱለይምን ዘካ እንዲሰበስብ ልከውት ነበር። ሰውየው ተመልሶ ሲመጣ ያመጣውን ንብረት ለሁለት ከፈለው። ከፊሉን ለሕዝቡ አስረከበ፤ ከፊሉን ደግሞ በስጦታ ያገኘሁት የራሴ ነው አለ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ይህ ሰው በአባቱና በእናቱ ቤት ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ ስጦታው ይመጣለት ነበር ወይ ብለው ጠየቁ። ከዚያም ሚንበር ላይ ወጥተው፣ የሰውየውን ስም ሳይጠሩ፣ ጉዳዩን ለሹማምንት ሁሉ የሚሠራ ደንብ አድርገው ለሕዝቡ ተናገሩ።

ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገር እንይዛለን። አንደኛ፣ ሰውየው አልዋሸም፤ ስጦታውን አልደበቀም። ይሁን እንጂ እውነት መናገሩ ብቻውን ከተጠያቂነት አላዳነውም። ሁለተኛ፣ ለሹም የሚሰጥ ስጦታ ለሰውየው ሳይሆን ለወንበሩ የሚሰጥ ነው፤ ወንበሩ ደግሞ የሕዝብ ነው። ሦስተኛ፣ ምርመራው በጓዳ አልቀረም። ሕዝብ በተሰበሰበበት በሚንበር ላይ ተነገረ።

እርግጥ የኢብኑል ሉትቢያ ስጦታ ለግሉ የተያዘ ነበር፤ የካ ላይ የሚሠራው ግን ለአገር ነው ተብሏል። ልዩነቱን አንክድም። ለጋስነት ለሕዝብ ሥራ ሲውል መልካም ነው። ግንቦት 11 ቀን 2011 ዓ.ም. በተካሄደው «ገበታ ለሸገር» የአንድ ሰው መቀመጫ 5 ሚሊዮን ብር እንደሆነ፣ ገንዘቡም ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር ለሚዘልቀው የወንዞች ዳርቻ ልማት እንደሚውል፣ የፕሮጀክቱ ወጪም 29 ቢሊዮን ብር እንደሚገመት አስቀድሞ ለሕዝብ ተነግሮ ነበር። አፈጻጸሙን መጠየቅ ይቻላል፤ ቢያንስ ግን ሂሳቡን ከምን ጋር እንደምናስተያየው እናውቃለን። የጫካ ፕሮጀክት ግን ይህ መነሻ እንኳ የለውም።

መሬቱስ? በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ስለዚህ የሲሚንቶውና የብረቱ ዋጋ በሙሉ ከለጋሽ ቢገኝ እንኳ ተራራው ከለጋሽ የተገኘ አይደለም። በዚህ ምክንያት ብቻ የሕዝብ ተወካይ የመጠየቅ መብት አለው።

ሕጋችን ምን ይላል?

ሕጋችን በወረቀት ላይ ድሃ አይደለም። የኢ.ፌ.ዴ.ሪ. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት፣ ኃላፊነቱን ያጓደለ ባለሥልጣን ተጠያቂ እንደሚሆን፣ ሕዝቡም አመኔታ ያጣበትን ተመራጭ ከቦታው ማንሳት እንደሚችል ይደነግጋል። አንቀጽ 55 ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች ባለሥልጣናትን ጠርቶ የመጠየቅ፣ የሥራ አስፈጻሚውን አሠራር የመመርመር ሥልጣን ይሰጠዋል። በዚህ አንቀጽ «በጀቱን እኔ ካጸደቅሁት ብቻ» የሚል ገደብ የለም።

ከዚህ ሌላ የሀብት ማሳወቅና ማስመዝገብ አዋጅ ቁጥር 668/2002 አለ። ባለሥልጣን የራሱን፣ የትዳር አጋሩንና በሥሩ የሚያስተዳድራቸውን ልጆች ሀብት እንዲያስመዘግብ ያዛል። ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) አንድን ሰው አገረ ገዢ አድርገው ሲሾሙ ያለውን ሀብት ይመዘግቡ እንደነበር የሚያውቅ ሙስሊም የዚህን አዋጅ መንፈስ ለመረዳት አይቸገርም። የመረጃ ነፃነትን የያዘው አዋጅ ቁጥር 590/2000 ደግሞ ማንም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው፣ መሥሪያ ቤቱም በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት እንዳለበት ይደነግጋል። ተፈጻሚነቱን የሚከታተለው የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ነው።

ታዲያ ክፍተቱ የት ላይ ነው? ሦስት ቦታ ላይ እናየዋለን።

የመጀመሪያው የሒሳብ ምርመራ ነው። በአንቀጽ 101 መሠረት የፌዴራል ዋና ኦዲተር የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን ሂሳብ የሚመረምረው በተመደበላቸው በጀት መሠረት በአግባቡ መሥራታቸውን ለማረጋገጥ ነው። ገንዘቡ ከመጀመሪያውም በበጀት ውስጥ ካላለፈ ኦዲተሩ የሚያመሳክርበት መዝገብ አይኖረውም። ከበጀት ውጭ የሚገባ ገንዘብ አደጋው ይህ ነው፤ ከቁጥጥርም ውጭ ይወጣል።

ሁለተኛው የመከሰስ ጉዳይ ነው። አንቀጽ 54 የምክር ቤት አባል በምክር ቤት ስብሰባ በሰጠው አስተያየት እንዳይከሰስ ይጠብቀዋል። ይህ ጥበቃ የተጻፈው ደካማው ተወካይ ኃያሉን እንዲጠይቅ ነው። ነገር ግን ጠቅላይ ሚኒስትሩም የምክር ቤት አባል ናቸው፤ ጥበቃው ጠያቂውንም ተጠያቂውንም እኩል ይሸፍናል። በተግባር ደግሞ ለጠያቂው ሲሳሳ አይተናል። ቀደም ሲል የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ የነበሩት አቶ ክርስቲያን ታደለ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ወቅት ታስረው፣ ያለመከሰስ መብታቸው የተነሣው ከወራት በኋላ በ2016 ዓ.ም. ነው። ስለቀረበባቸው ክስ የሚፈርደው ፍርድ ቤት ነው። እኛ የምንለው ቅደም ተከተሉን ነው፤ ሕጉ እጅ ከፍንጅ ላልተያዘ አባል መብቱ ተነሥቶ ይያዝ ይላል፣ ተይዞ መብቱ ይነሣ አይልም።

ሦስተኛው የሐሰት መረጃ ሕግ አቅጣጫ ነው። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨን ሰው እስከ 1 ዓመት እስራት ወይም እስከ 50 ሺህ ብር ያስቀጣል። ድርጊቱ ከ5 ሺህ በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ የተፈጸመ ከሆነ ቅጣቱ እስከ 3 ዓመት ይደርሳል። አዋጁ በቃሉ ባለሥልጣንን ነጻ አላደረገም። ሆኖም ከሳሹ ዐቃቤ ሕግ በሥራ አስፈጻሚው ሥር ያለ የፍትሕ ሚኒስቴር አካል ነው። ሚኒስትር ሚኒስትርን ይከስሳል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ይሆናል።

ዕጣው ሲሰረዝ የተጠየቀውና ያልተጠየቀው

ሥርዓቱ ጭራሽ አይሠራም ማለት ደግሞ ፍትሐዊ አይሆንም። ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. የኮንዶሚኒየም ዕጣ የወጣበትን ቀን ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። የዐረፋ ቀን ነበር፤ በማግስቱ ዒደል አድሐ ነበር። ከ25 ሺህ በላይ ቤቶች ዕጣ ወጣባቸው። በ1997 እና በ2005 ዓ.ም. ተመዝግበው ለዓመታት ከደመወዛቸው እየቀነሱ ሲቆጥቡ ከኖሩት መካከል ዒዱን በደስታ የዋሉ ነበሩ። ቀናት ሳይቆጠሩ የከተማ አስተዳደሩ ራሱ ዕጣው መጭበርበሩን፣ ብቁ ያልሆኑ ሰዎች በመረጃው ውስጥ መግባታቸውን ገልጾ ሰረዘው። የቤቶች ልማት ቢሮ ኃላፊውን ጨምሮ ባለሥልጣናትና የኮምፒውተር ባለሙያዎች ታሰሩ፤ ክስም ተመሠረተ።

አስተዳደሩ ስሕተቱን ሸፍኖ አለማለፉ ይመሰገናል። ነገር ግን በሕግ የተጠየቀው ምን እንደሆነ እንለይ። የተጠየቀው የኮምፒውተር መረጃው መነካካቱ ነው። ዕጣው ከመውጣቱ በፊት ለሕዝቡ «አስተማማኝ ነው» ተብሎ የተሰጠው ማረጋገጫስ? ሳይጣራ የተሰጠ ማረጋገጫ ሆን ተብሎ የተነገረ ውሸት ላይሆን ይችላል። ቆጣቢው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ግን ያው ነው። «ጣራ ልናገኝ ነው» ብሎ ለልጆቹ የነገረ አባት፣ ዕጣው ሲሰረዝ ቃሉን የሚመልስበት ቦታ የለውም። ለዚህ ቸልተኝነት በፖለቲካው በኩል ኃላፊነት ወስዶ ከወንበሩ የተነሣ ተመራጭ አላየንም።

በእኛ ላይ የተነገረው

ስለ ፖለቲካ ውሸት የሚጽፍ ሙስሊም «ጂሃዳዊ ሐረካት»ን ሳያነሣ ማለፍ አይችልም። ጥር 28 ቀን 2005 ዓ.ም. ምሽት የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ይህን ፊልም አሰራጨ። የሙስሊሙ ኅብረተሰብ መፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴ አባላት በዚያን ጊዜ ክሳቸው በፍርድ ቤት በመታየት ላይ ነበር። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ማንም ተከሳሽ በክሱ ሂደት እንደ ንጹሕ የመቆጠር መብት ይሰጠዋል። ፊልሙ ግን እስረኞቹን በምርመራ ላይ ሳሉ እያሳየ ከዓለም አቀፍ የሽብር ቡድኖች ጋር አያይዞ አቀረባቸው። እንዳይተላለፍ የፍርድ ቤት እግድ ወጥቶ እንደነበርም ተዘግቧል። ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ፣ ሐምሌ 27 ቀን 2007 ዓ.ም.፣ በጸረ ሽብር አዋጅ ቁጥር 652/2001 በተመሠረተው ክስ 18 ሰዎች ከ7 እስከ 22 ዓመት ተፈረደባቸው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። እስረኞቹ እስከ 2010 ዓ.ም. ድረስ በየጊዜው ተፈቱ። ሰኔ 11 ቀን 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ በዚያው ምክር ቤት ቀርበው፣ ሰዎችን ያለ ፍርድ ማሰርና መግረፍ ራሱ ሽብር እንደሆነና መንግሥትም እንደፈጸመው አመኑ። ይህ ለተበደለው ትልቅ ነገር ነበር። አልሐምዱ ሊላህ ብለን ተቀብለነዋል።

ሆኖም ማመን አንድ ነገር ነው፤ መጠየቅ ሌላ። ፊልሙን ማን አዘዘ? ጽሑፉን ማን ጻፈ? እግዱን ማን ጣሰ? ለነዚህ ጥያቄዎች በፍርድ ቤት የተሰጠ መልስ የለም። በፊልሙ ምክንያት ልጁ በትምህርት ቤት «የአሸባሪ ልጅ» የተባለበት ቤተሰብ ስሙ ተመሳሳይ ሰዓት ይዞ፣ በዚያው ጣቢያ አልተመለሰለትም።

ከዚህ ተሞክሮ የምንወስደው ትምህርት ሁለት ጎን አለው። በአንድ በኩል፣ ሥልጣን ላይ ያለ ሰው በሐሰት ሲናገር የሚያደርሰው ጉዳት ከተራ ሰው ውሸት ጋር አይነጻጸርም፤ እስር ቤትና ቴሌቪዥን ከኋላው አሉ። በሌላ በኩል፣ «ውሸትን የሚቀጣ ጠንካራ ሕግ ይውጣ» ስንል ሕጉ በማን እጅ እንደሚወድቅ ማሰብ አለብን። የጸረ ሽብር አዋጁም ሲወጣ ሰላምን ለመጠበቅ ነው ተብሎ ነበር።

ከብሪታንያ አንድ ፍርድ

በዌልስ የነበረው መንግሥት በ2024 እ.ኤ.አ. ሆን ብለው ሕዝብን ያታለሉ የምክር ቤት አባላትና ዕጩዎች በነጻ የፍርድ ሂደት ከቦታቸው እንዲታገዱ የሚያደርግ ሕግ ለማውጣት ቃል መግባቱ በዓለም ብዙ አነጋግሯል። ለእኛ ግን ከዚያ በፊት የሆነ አንድ ፍርድ ይበልጥ ይጠቅመናል።

በ2010 እ.ኤ.አ. የብሪታንያ ምርጫ የሌበር ፓርቲው ፊል ዉላስ በ103 ድምፅ ልዩነት አሸነፉ። በቅስቀሳ ወረቀቶቻቸው ተቀናቃኛቸውን የአክራሪ ሙስሊሞችን ድጋፍ የሚለማመጥ ሰው አድርገው አቅርበው ነበር። ተቀናቃኙ ከሰሱ። የምርጫ ፍርድ ቤቱ ኅዳር 5 ቀን 2010 እ.ኤ.አ. ንግግሩ ሐሰት መሆኑን፣ ዉላስም እውነት ነው ብለው የሚያምኑበት ምክንያት እንዳልነበራቸው ወስኖ ምርጫውን ሰረዘ፤ ለ3 ዓመትም ከምክር ቤቱ አገዳቸው።

ልብ እንበል፤ ሙስሊሙን ማስፈራሪያ አድርጎ ድምፅ መሰብሰብ በእኛ አገር ብቻ የተፈጠረ አይደለም። በዚያ አገር ግን ዋጋ አስከፈለ። ዋጋውንም ያስከፈለው የመንግሥት ዐቃቤ ሕግ አይደለም፤ የተጎዳው ተወዳዳሪ ራሱ ከሰሰ፣ ነጻ ዳኞች ፈረዱ፣ ቅጣቱም ወህኒ ሳይሆን ወንበር ማጣት ሆነ። ሕጉ ጠባብ ነው፤ የሚመለከተው በምርጫ ወቅት ስለ ዕጩ ሰብእና የሚነገር ሐሰትን ብቻ ነው። ጠባብ በመሆኑም ተቺን ለማፈን አይመችም።

ምን ይደረግ?

ከላይ ካየነው ተነሥተን የምናቀርበው ሐሳብ አዲስ የወንጀል ሕግ ይውጣ የሚል አይደለም። ከዚያ በፊት የሚቀድሙ አራት ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ ከበጀት ውጭ ለመንግሥት ሥራ የሚገባ ማንኛውም ስጦታ የሰጪው ስምና መጠኑ ተመዝግቦ ለምክር ቤቱና ለዋና ኦዲተር በየዓመቱ እንዲቀርብ በሕግ ይደንገግ። ስሙ እንዳይነገር የሚፈልግ ለጋስ ለመስጂድ ሰደቃውን በድብቅ ይስጥ፤ የበለጠ አጅር አለው። ለሹም የሚሰጥ ግን በድብቅ መሆን የለበትም።

ሁለተኛ፣ የመረጃ ነፃነት ሕጉ ሥራ ላይ ይዋል። ይህ እኛንም ይመለከታል። በየካ፣ በፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ በኮተቤ የሚኖር ሰው ስለ ቤቱ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ መስጂዱ ይዞታ ሲነገረው «በጽሑፍ ስጡኝ» ማለት ይልመድ። የቃል ተስፋ የሰጠ ሹም በተሻረ ማግስት ተስፋውም አብሮት ይሄዳል፤ ማኅተም ያለበት ወረቀት ግን ለተተኪው ይቀርባል። በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ መስጂዶች ሲፈርሱ ምን ያህል በሰነድ መከራከር እንደሚያስፈልግ ተምረናል።

ሦስተኛ፣ በሕዝብ ገንዘብ የሚተዳደር ሚዲያ ያልተፈረደበትን ሰው ወንጀለኛ ብሎ ካቀረበ፣ ተበዳዩ ራሱ ከስሶ እርማትና ካሳ የሚያገኝበት መንገድ ይጠንክር። ትእዛዙን የሰጠው ባለሥልጣንም በግሉ ይጠየቅ።

አራተኛ፣ ሕዝቡ ተመራጩን የሚያነሣበት የአንቀጽ 12 መብት በተግባር የሚሠራ ይሁን። የማይነካ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ቃሉን የሚጠብቅበት ምክንያት ያንሰዋል።

በእስልምና ታሪክ ለዚህ ዓይነት ጉዳይ የተቋቋመ ችሎት ነበር፤ ዲዋኑል መዛሊም ይባላል። ኢማም አል-ማወርዲ «አል-አሕካሙ ሱልጣኒያ» በተባለው ሥራቸው እንዳብራሩት፣ ይህ ችሎት ሹማምንት በሕዝቡ ላይ የሚፈጽሙትን በደል ከሳሽ እስኪመጣ ሳይጠብቅ ይመረምራል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከሹም የተበደለ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ለመክሰስ አቅሙም ድፍረቱም የለውም። ዋና ኦዲተር፣ እንባ ጠባቂ፣ የምክር ቤት ቋሚ ኮሚቴ ዛሬ ያሉን የመዛሊም በሮች ናቸው። እነዚህ በሮች ክፍት መሆናቸውን የምናውቀው ስናንኳኳቸው ነው።

ይህን ስንል መጅሊሳችንንም፣ የመስጂድ ኮሚቴዎቻችንንም አንረሳም። ከመንግሥት የምንጠይቀውን ግልጽነት በራሳችን ቤት ካላሳየን ጥያቄያችን ክብደት ያጣል። የዘካና የግንባታ መዋጮ ሂሳብ ከጁሙዓ ሶላት በኋላ ተለጥፎ ቢነበብ የሚከብድ ነገር የለውም። ልጆቻችንም ሹምን መጠየቅ ነውር አለመሆኑን ከመስጂድ ይማራሉ።

በሙስሊም ዘገባ፣ አላህ በትንሣኤ ቀን ከማያናግራቸው ሦስት ሰዎች አንዱ ውሸታም ንጉሥ ነው። ዑለማዎቻችን ሲያብራሩት፣ ደካማ ሰው ፈርቶ ይዋሻል፤ ንጉሥ ግን የሚፈራው ሰው የለም፣ ስለዚህ ለውሸቱ ሰበብ የለውም ይላሉ። የአኺራው ፍርድ የአላህ ነው። የዱንያውን ግን ለእኛ ትቶልናል፤ በሕግ፣ በሰነድና በጥያቄ። የካ ተራራ ላይ የሚሠራው ሥራ ለአገር የሚጠቅም ከሆነ ሂሳቡ ሲገለጥ ምስጋናው ይበዛል እንጂ አይቀንስም። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል፤ ንጋቱን መጠበቅ ብቻ ግን አይበቃም፣ መስኮቱን የሚከፍት ሰው ያስፈልጋል።

ወላሁ አዕለም።